ሶፋ ሠሪዋና የተደበቀባት ሕመም

ሶፋ ሠሪዋን ሰፈሩ ሁሉ «ምስማሬ» ይላታል፤ ሥራ ላይ ስትሆን ከከንፈሯ መሃል ምስማር አይጠፋም። አሮጌ ሶፋ ገፍፋ፣ ስፖንጁን ቀይራ፣ አዲሱን ጨርቅ ስትወጥር እንጨቱን በደረቷ ደግፋ ነው የምትስበው። ስለዚህ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ሲወጣ «እንጨቱ ነው የመታኝ» ብላ ተወችው። ወራት አለፉ። እብጠቱ ግን እንደ ድንጋይ ጠጠረ።

እናቷ ስትሰማ ክው አለች። የምታውቀውን ታውቃለቻ! ልጅቷ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ደረቷ ውስጥ ካንሰር ወጥቶባት በጨረር ነው የዳነችው። ያኔ ሐኪሙ እናትን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ጨረሩ አድኗታል፤ ግን ደረቷን ስለነካ ወደፊት የጡት ካንሰር ሊያመጣባት ይችላል። ሃያ አምስት ሲሞላት ጀምሮ በየዓመቱ ትታይ» ብሏታል። እናት ለልጇ «የሳንባ ምች ነበር» አለቻት። ዘመድ አዝማዱንም «ትንፍሽ እንዳትሉ» ብላ አስማለች፤ ስሙ ከተጠራ ማን ያገባታል ብላ። ጉድ እኮ ነው! ገመና ሸፈንን ብለን ልጅ እንገድላለን። ሐኪሙስ? በድንጋጤ ደንዝዛ ለቆመች እናት ሹክ ብሎ መሸኘት፣ ይሄ ማሳወቅ ነው?

ምስማሬ ምርመራ ክፍል ስትገባ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር።

«እህቴ፣ በልጅነትሽ ደረትሽ ላይ ጨረር ታክመሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ሐኪሟ።

«ኧረ በፍጹም! ጤነኛ ነኝ ዶክተር። ይልቅ የታመመው ይሄ ወንበራችሁ ነው፤ ሆዱ ተዘርግፏል፣ እኔ ጋ ላኩት።»

እናት ጥግ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች። «ታክማለች» አለች። ድምፅዋ አልሰማ ሲል ደገመችው።

ምስማሬ ዞረች። «ማን?»

«አንቺ። ካንሰር ነበር። እንዳትሰቀቂ ብዬ ነው ልጄ።»

«እማዬ፣ መሰቀቁንማ እችለው ነበር። በየዓመቱ እየመጣሁ እታይ ነበር እኮ!»

ጡቷ ተቆረጠ። በሽታው ግን ቀድሞ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

አክስቷ ልትጠይቃት ሆስፒታል መጣች። አልጋው ግርጌ ቆማ እናትን በሹክሹክታ፣ «ጎረቤት እየጠየቀ አስቸገረኝ። ብርድ ነው ልበል?» አለቻት።

ምስማሬ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እማዬ ራሷ ትንገራቸው። ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደመጣ» አለች። «እስቲ አሁን በይው እማዬ። አክስቴ ትስማሽ።»

እናት አፏን ከፈተች። ቃሉን ሳታወጣ መልሳ ገጠመችውና የአልጋውን አንሶላ ታስተካክል ጀመር።

ምስማሬ ጠበቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።