ዋጋ የማይጠሩ ሰዎች

ቡራዩ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አሮጌ በርና መስኮት እሸጣለሁ። ቤት ሲፈርስ እገዛለሁ፣ ቤት ሲሠራ እሸጣለሁ። ክረምት ሲገባ ግን የሚያፈርስም የሚሠራም የለም፤ በሮቼ ላስቲክ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፣ እኔም ከነሱ ጋር። ባለፈው ክረምት ደግሞ ቤትም ብገባ ያው ነበር። ባለቤቴ እህቷን ላስታምም፣ ለሁለት ሳምንት ብላ ሱሉልታ ከሄደች ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

የሄደችው በመስኮት ምክንያት ነው። የእናቷ ቤት ለመንገድ ተብሎ ሲፈርስ ቆርቆሮውንም እንጨቱንም ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊያነሳው? ከዕቃው መሃል አንዲት ሰማያዊ የጓዳ መስኮት ነበረች፣ ባለ ሁለት ተከፋች፣ መቀርቀሪያዋ የተጣመመ። "ይቺን አትሽጣት" አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ከሰበታ አንድ ሰው መጣ፤ ስድስት መስኮት ይፈልጋል፣ እኔ ዘንድ ያለው አምስት ነው። አምስት ብቻ ካልኩት ስድስቱንም ሌላ ቦታ ሄዶ እንደሚገዛ አውቃለሁ። ስድስተኛዋን ጨመርኩለት፤ እንዲያውም ራሴ ጭኜ ሰበታ ድረስ አደረስኩለት።

የት ሄደች ብላ ስትጠይቀኝ፣ "መስኮት መስኮት ነው፣ ሌላ አመጣልሻለሁ" አልኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ የሚጮህ ገዢ ሊገዛ የመጣ ነው፣ የሚፈራው ዝም የሚለው ነው። በሳምንቱ እህቷ ታመመች።

በኛ ሥራ የታወቀ ነገር አለ፤ ቀድሞ ዋጋ የጠራ ተሸነፈ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሰውዬ ጋር በአንድ የብረት በር ላይ ከረፋድ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠናል። ስለ ጤፍ አወራን፣ ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ደህና አድርገን አወራን። ስለ በሩ ማንም ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ ራበውና ቀድሞ ተናገረ። እኔ ቁርሴን አጥብቄ በልቼ ነበር የመጣሁት።

ከባለቤቴም ጋር እንደዚያው ተቀመጥን። እደውላለሁ።

"እህትሽ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።"

"ጣሪያው ያንጠባጥባል።"

"ባልዲ አድርግበት።"

አለቀ። እሷ "ልመጣ ነው" እስክትል እጠብቃለሁ። እሷ የምትጠብቀውን ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ ስትኖር ሥራውን ከኔው ነው የተማረችው፤ ቁርሷንም አጥብቃ ነው የምትበላው።

በዚህ መሃል ስልኬ ባልዲው ውስጥ ወደቀ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አዲስ ስልክ ቢገዛ ሰው ይስቅበታል ብዬ ያገለገለ ገዛሁ። የበፊቱ ባለቤት ሳያጠፋ የተዋቸው ነገሮች ነበሩበት፤ የማላውቀው ሕፃን የልደት ፎቶ፣ የአንድ ዘማሪ መዝሙር ግማሹ፣ አንድ ጌም። ሕፃኑን አጠፋሁት፣ ቅር እያለኝ። ጌሙን ከፈትኩት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ "ሜድ ኢን ቻይና" ላይ ያበቃል።

አንድ ትንሽ ሰው አለ፤ ጀርባው ላይ ከረጢት፣ እጁ ላይ ፋኖስ። እዚያም ዝናብ ነው፣ ደስ አለኝ። መንገድ ላይ ፖም ያገኛል፣ ዳቦ ያገኛል፣ ገመድ፣ ጨርቅ። ድንጋይ ገፍተህ ውሃ ታስቀይሳለህ፣ ብረት አዙረህ ድልድይ ታወርዳለህ። ይሄ አልከበደኝም፤ ሲጣመምና ሲቀረቀር የኖረ ነገር መፍታት እንጀራዬ ነው። ከረጢቱን ሞልቼ አንድ መንደር ደረስኩ። የመንደሩ በር ዝግ ነው። በሩ ሥር አንድ ሰውዬ ዝናብ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቷል።

ገዢ ነው አልኩ።

ፊቱ ቆምኩና ዋጋ እስኪጠራ ጠበቅኩ። እሱም ጠበቀ። ጎበዝ ነው አልኩ። ስልኩን ዘግቼ በነጋታው ከፈትኩት፤ እዚያው ነው፣ እጁም እንደተዘረጋ ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከጎኔ አጣና የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ስም ሳይጨምር ኦቦ ይላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ከላስቲኩ ሥር ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አካም ቡልቴ?" አሉኝ በኦሮምኛ፣ እንዴት አደርክ ሲሉ።

"ነጋ፣ ኦቦ" አልኩ፣ ደህና ነኝ ለማለት።

ስልኩን አጎንብሰው አዩት። "ይሄ ሰውዬ ትናንትም እዚሁ አልነበረም?"

"ዋጋ እየጠበቅኩ ነው።"

"እሱስ?"

"እሱም።"

"ዣንጥላ እንኳ ስጠው እንጂ። በሰበሰ እኮ።"

እሁድ ዕለት የግቢዬ ተከራይ ከቸርች ስትመለስ በረንዳ ላይ አገኘችኝ። ከወላይታ የመጣች ልጅ ናት፣ ፋብሪካ ትሠራለች፣ እንግሊዝኛም ታነባለች።

"ጋሼ፣ ምን ላይ ነው እንዲህ ያፈጠጡት?"

ሰጠኋት። አነበበችው። "'የያዝከውን ለሚያስፈልገው ስጥ' ነው የሚለው።"

"በስንት?"

"በነጻ ነዋ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ በሩ ይከፈታል።"

"መጀመሪያ በሩን ቢከፍትልኝስ?"

መጽሐፍ ቅዱሷን እንደታቀፈች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ከሳቅ የተነሳ። "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ከስልክ ጋር ነው የሚከራከሩት?"

"አልተከራከርኩም። ዝም ነው ያልኩት።"

"እሱ አይሰለቸውም እኮ፣ ጋሼ። ሥጋ የለውም። የሚያረጁት እርስዎ ነዎት።"

ስትገባ ከፖሞቹ መርጬ የተበላሸውን ለሰውዬው ሰጠሁት። ተቀበለና በሩ ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። አገላብጦ እንኳ አላየውም! ከዚያ ወዲያ በየመንደሩ በር ላይ የቆመ አላጣሁም፤ ገመድ ለሚያስፈልገው ገመድ፣ ለበረደው ጨርቅ። ጨርቁን ስሰጥ ብችል ቀድጄ ግማሹን እሰጥ ነበር፤ ጌሙ መቅደድ አይፈቅድም። ደህናውን ዳቦ ግን ከከረጢቱ ሥር አቆየሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልበላው ነገር።

እንዲህ እያልኩ ወንዝ ደረስኩ። ድልድዩ የሚወርደው በአንዲት ሴትዮ እጅ ነው። ጨለማ ጎጆ በር ላይ ቆማ እጇን ዘርግታለች። ገመድ ሰጠኋት፣ ወሰደች። ጨርቅ ሰጠኋት፣ ወሰደች። ያቺን ዳቦ ሳይቀር አውጥቼ ሰጠኋት። ሁሉንም ትወስዳለች፣ እጇን ግን አትሰበስብም። የቀረኝ ፋኖሱ ነው፤ ከፋኖሱ ውጭ መንገድ አይታይም። አራት ቀን አብሬያት ቆምኩ። ኦቦ አንዱን ቀን አይተውን፣ "ይቺስ ምን ትላለች?" አሉኝ።

"የሰጠኋትን ሁሉ ትወስዳለች፣ ግን አልበቃትም።"

"የምትፈልገውን አልሰጠሃትማ።" ጭቃ ጫማቸውን በአጣና ጫፍ እየፋቁ፣ ወደኔም ሳያዩ፣ "ያቺኛይቱስ ሱሉልታ እንደተቀመጠች ናት?" አሉ።

"ምን አገናኘው፣ ኦቦ?"

"ምንም። ጠየቅኩ እንጂ። ሚስትህ ገዢ ናት እንዴ፣ ዝም የምትላት?"

ተነስተው ወደ አጣናቸው ሄዱ። ፋኖሱን ሰጠኋት። ስልኩ ድርግም አለ፤ የተበላሸ መስሎኝ መታ መታ አደረግኩት። ቆይቶ ከኋላዬ ትንንሽ መብራቶች መምጣት ጀመሩ፣ የሰጠኋቸው ሰዎች ናቸው። ብዙ አልነበሩም፤ የሰጠሁት ብዙ አልነበረማ። የመጀመሪያው ሰውዬ፣ የተበላሸውን ፖም የሰጠሁት፣ ከሁሉም ፊት ነበር። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና እስከ ሥራ መዝጊያ ከኦቦ ጋር ዓይን ለዓይን ሳልገናኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ሰበታ ወረድኩ። መስኮቷን መልሼ ካመጣሁላት ነገሩ ያልቃል ብዬ ነው። ከአየር ጤና ሚኒባስ ይዤ፣ ያደረስኩበትን ሰፈር በጥያቄ ሳይሆን በእግሬ አስታውሼ አገኘሁት። ቤቱ አልቋል። መስኮቷ ጎን ግድግዳ ላይ ገብታለች፣ ቡኒ ተቀብታ። መቀርቀሪያዋ ያው እንደተጣመመ ነው። ባለቤቱ ወጣ።

"ወንድሜ፣ በደህና ነው?"

"ያቺን መስኮት መልስልኝ። በእጥፍ ልግዛህ፣ በምትኳም ሌላ እገጥምልሃለሁ።"

በዕድሜዬ ሙሉ ቀድሜ ዋጋ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሰውዬው እኔን አየ፣ መስኮቷን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሄዶ ፍሬሙን በጣቱ ማንኳኳት ጀመረ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ጥጉን። ጆሮውንም አስጠጋ።

"ምን አለበት?"

"ምንም የለበትም። የአማቴ ቤት መስኮት ነው።"

"ለአማትህ ነው እጥፍ የምትከፍለው?" ሳቀ። "ስትሸጥልኝ እንጨት ነው ብለህ አልነበር? ተው፣ ተው። አንተ ያለ ነገር ሰበታ ድረስ አትመጣም።"

ሦስት እጥፍ አልኩት። ይሄኛው ባሰ፤ ልጁን ጠርቶ መዶሻ አምጪ አላት። ከዚያ ወዲያ ሚሊዮን ብጠራም እንደማይሸጥ ገባኝ። እኔም ብሆን አልሸጥም ነበር። ስመለስ መኪናው ውስጥ፣ ያ ሰው ዛሬውኑ ግድግዳውን ይሰረስራል፣ ምስጥ ያገኛል፣ እያልኩ ትንሽ ተጽናናሁ።

ሱሉልታ ባዶ እጄን ሄድኩ። የሱሉልታ ብርድ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ስትወጣ መኪናው ውስጥ ይጀምርሃል። እህቷ ደህና ናት፤ ከዳነች ቆይታለች፣ በሩን የከፈተችልኝም እሷው ናት። "ከኋላ ናት" አለችኝ፣ ያለ ሰላምታ። ከኋላ በረድፍ የተሠሩ የጭቃ ክፍሎች አሉ። ባለቤቴ አንዷን ይዛ ወተት ከገበሬ እየተረከበች ትሸጣለች። ጣሳ እያጠበች ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሩን ነው። በር የለም። አንድ ቅጠል ቆርቆሮ በሽቦ ታስሮ ነው የቆመው፤ ከሥሩ ድመት ያሳልፋል።

"መጣህ?"

"መጣሁ።"

"ማን ታሞ ነው?"

"ማንም። መስኮቷን አትሽጥ ብለሽኝ ሸጥኳት። ከሸጥኩም በኋላ መስኮት መስኮት ነው አልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። ላመጣልሽ ሰበታ ሄጄ ነበር፣ አልተገኘችም።"

ጣሳውን አጥባ ጨረሰች፣ ደፋችው። ሌላ አነሳች።

"ስምንት ወር" አለች።

"ስምንት ወር።"

"በመጀመሪያው ወር ብትመጣ እኮ፣ አንተ ሰውዬ፣ ጣሳዬን ጥዬ ነበር የምከተልህ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወተት የሚያመጡልኝ ሰዎች አሉ። እዚህ ለምጃለሁ።" በንዴት አይደለም የተናገረችው፤ የአየር ሁኔታ እንደሚነግርህ ሰው ነው። እኔ በንዴት የሚናገር ሰው ማስረዳት እችላለሁ። ይሄን አልችልም።

ዋጋ ልጨምር የምችለው ነገር ፈለግኩ። ጣሪያውን አሠራለሁ? ወተቱን ቡራዩ ሽጪው? አፌ ውስጥ ሁሉም መጡ፣ ሁሉንም ዋጥኳቸው።

"ምን ላምጣልሽ?" አልኳት።

ወደ ቆርቆሮው አየች። "በር" አለች።

ቡራዩ ተመልሼ የበሮቼን ላስቲክ ገለጥኩ። እጄ ቀድሞ የሄደው ወደ መካከለኞቹ ነው፣ ልማድ ነው። ከግድግዳው ጥግ ግን የዋንዛ በር አለኝ፣ የድሮ ሥራ፣ ደህና ገንዘብ ያለው ሰው ሲመጣ አሳየዋለሁ ብዬ ሁለት ዓመት የደበቅኩት። ኦቦ ሳወጣው አይተው፣ "ይሄን ማን ገዛህ?" አሉ። አንዱን ጫፍ መጥተው አነሱልኝ።

በፒካፕ ጭኜ ወሰድኩት። ሠራተኛ አልያዝኩም፤ ከቋሚው ጀምሬ ራሴ ገጠምኩት። እሷ ስይዝ ያዘችልኝ፣ ማጠፊያውን ስመታ ደገፈችልኝ፤ "ወደ ላይ"፣ "ትንሽ"፣ "ይበቃል" ከማለት ሌላ አልተነጋገርንም። ያን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን ከቆምን ስንት ዘመኑ። ሥራውን ሆን ብዬ አላጓተትኩም ማለት አልችልም።

ሲያልቅ ገብታ ከውስጥ ዘጋችው። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። እኔ መዶሻዬን ይዤ ጭቃው ላይ ቆሜያለሁ። ዋንዛ ድምፅ አያሳልፍም፤ "ይሠራል" ስትል ከሩቅ ነው የመጣው። ከፈተችው።

"ቁልፉ ስንት ነው?"

"ሁለት።"

የቀረውንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አንዱን መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ከዚያ ሁለቱንም ኪሷ ከተተቻቸው።

"ምሳ ብላና ሂድ፣ ዝናቡ ሳይመጣ።"

በላሁ። ሽሮ ነበር፣ ጨው የበዛበት፤ እኔ ጨው እንደምወድ የምታውቀው እሷ ናት። ስነሳ እስከ ደጃፉ ሸኘችኝ፣ ትከሻዋን በአዲሱ በር ላይ አስደግፋ ቆመች።

"እንግዲህ ስመጣ አንኳኳለሁ" አልኳት።

"አንኳኳ" አለችኝ።