ፋቂውን የመለስኩት እኔ ነኝ

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ዓለም ሁሉ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ በየቤቱ በተከተተበት ዓመት፣ ዙሉ በሚነገርበት በአሌክሳንድራ ሰፈር እንኖርበት በነበረው ግቢ ውስጥ ከማንም ይልቅ ሥራ የበዛበት ሰው እኔ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ ሁለት፣ ሥራዬ ማስተርጎም፣ ደመወዜ ደግሞ የተጠበሰ በቆሎ ነበር። የማስተረጉመው ለአባባ ሽኩር ነው። አባባ ሽኩር ከስልጤ የመጡ ጢማቸው የሸበተ ባለሱቅ ሲሆኑ፣ ግቢያችን በር ላይ ባለችው፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቅ ዳቦና ስኳር ሲሸጡ ስንት ዓመት ኖረው ከዙሉ ቋንቋ የያዙት ሰላምታውንና ዋጋውን ብቻ ነው። በሰላምታና በዋጋ ደግሞ ተረት አይተረትም።

ግቢው ዘጠኝ ክፍሎችና አንድ ቧንቧ ነበሩት። እኔና እማዬ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እንኖር ነበር፤ አባዬ ሌላ ሰፈር፣ ቶኮዛ፣ ያለውን ሱቅ ሲጠብቅ የእንቅስቃሴ እገዳው እዚያው ስላስቀረው የምናገኘው በስልክ ብቻ ነው። ከእኛ ትይዩ ሁላችንም ጎጎ፣ ማለትም አያቴ፣ የምንላቸው አሮጊት ከልጃቸው ከሲቡሲሶ ጋር ይኖሩ ነበር። ሲቡሲሶ ቁመቱ በየበሩ የሚያስጎነብሰው፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ሳንድተን ባሉት ትልልቅ ቤቶች አትክልት የሚንከባከብ ሰው ነው። እኛ ልጆቹ ቡቲ ሲቡ እንለው ነበር፤ ቡቲ በእነሱ ወንድም ማለት ነው።

መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ፣ ያኔ ደግሞ ያልጠፋበትን ምሽት ማስታወስ ይከብደኛል፣ ቡቲ ሲቡ ኢምባውላውን ያቀጣጥላል። ኢምባውላ ጎኑ የተበሳሳ አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ነው፤ ከሰል ተሞልቶ ጢሱ እስኪወጣለት ውጭ መንገድ ላይ ይቆይና ፍሙ ሲቀላ መሀል ግቢው ላይ ይቀመጣል። መቀራረብ ክልክል ስለነበር ሁሉም የየራሱ ደፍ ላይ ሻማ አብርቶ ይቀመጣል። አባባ ሽኩር ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጀምራሉ፤ እኔ ፍሙ አጠገብ ቆሜ፣ ፊቴ እየተለበለበና ጀርባዬ እየበረደው፣ ዙሪያዬን እየዞርኩ በዙሉ እጮሃለሁ። ያቺን ሰዓት ቀኑን ሙሉ ስጠብቃት እውል ነበር። 

እውነቱን ለመናገር ታማኝ አስተርጓሚ አልነበርኩም። አባባ ሽኩር «ጅቡ መጣ» ካሉ በእኔ አፍ ሦስት ጅቦች ይመጣሉ፤ አንደኛው ያነክሳል፣ አንደኛው ደግሞ የጎጎን ድስት ይሰርቃል። ጎጎ ይስቃሉ፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ቡቲ ሲቡ በቆሎውን እያገላበጠ «ይሄን የጨመርሽው አንቺ ነሽ» ይለኛል። አባባ ሽኩር ግን «አንድ የተናገርኩትን አምስት ታደርገዋለች፤ ዙሉ ለካ ረጅም ቋንቋ ነው» ይሉ ነበር።

ከተረቶቹ ሁሉ አንዱን አልወደውም፤ እሳቸው ደግሞ ደጋግመው የሚያወሩት እሱኑ ነው። በአንድ መንደር በሬ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ፤ አውጫጭኝ የአገሬው ሰው በሙሉ አንድ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ የማይመለስበት ሸንጎ ነው። አንድ ቀን ሆነ፣ ሁለት ቀን ሆነ። አዝመራው ደርሷል፣ ሰዉ ርቦታል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን አንዱ ተነሥቶ «ቆዳ የሚያውቀው ማን ነው?» አለ። ያኔ ጣት ሁሉ መንደሩ ዳር ወደሚኖረው ቆዳ ፋቂ ዞረ። ፋቂው ቢምል ቢገዘት ሰሚ አላገኘም፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በዚያው ምሽት ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። በሳምንቱ በሬው ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ፣ ከነቆዳው። አባባ ሽኩር እዚህ ሲደርሱ ፍሙን ትኩር ብለው ያዩና «ፋቂው አልተመለሰም» ብለው ይጨርሳሉ።

ይህን ለጎጎ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? በመጀመሪያው ምሽት አፌ እምቢ አለኝ። «ከዚያ የመንደሩ ሰው በሙሉ ተከተለው» አልኩ በዙሉ፤ «ወንዙ ዳር ደረሱበት፣ ይቅርታ ለመኑት፣ ከበሮ እየመቱ በትከሻቸው ተሸክመው መለሱት።» ግቢው አጨበጨበ። አባባ ሽኩር ጭብጨባው ግር ብሏቸው «ምን አሉ?» ሲሉኝ «ተረትዎን ወደዱት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ተረቱ በተነገረ ቁጥር ከበሮው እየበዛ ሄደ።

እማዬ ያን ሰሞን ማስክ ትሰፋ ነበር። የስፌት መኪናዋን ደጃፋችን ላይ አውጥታ፣ ከአንድ የሐበሻ ልብስ ነጋዴ የተረፈውን አረንጓዴና ቀይ ጥለት በየማስኩ ጠርዝ ላይ ትቀጥልበታለች። «ሥራ ምልክት ከሌለው የማን እጅ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ትል ነበር። የመጀመሪያውን ማስክ ለቡቲ ሲቡ ሰጠችው፣ መኪናዋ ስትበላሽ የጠገነላት እሱ ስለሆነ። ከዚያ ለዳቦ መኪናው ሹፌር፣ ለታክሲ ነጂዎቹ፣ በኋላም ለመንገዱ ሰው ሁሉ አዳረሰች።

አንድ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ፖሊሶችና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወደ ግቢው ገቡ። ሰኞ ዕለት ከአውራ ጎዳናው ማዶ ከአንዲት ነጭ ሴትዮ ቤት ላፕቶፕ ተሰርቋል። ሴትዮዋ ረጅም ጥቁር ሰው በመስኮት ሲወጣ አይቻለሁ ብላለች፤ ከአጥሩ ካሜራ የተገኘው ፎቶም የደበዘዘ ፊትና ጥለት ያለው ማስክ ያሳያል። አንደኛው ፖሊስ ስልኩን ለእማዬ ዘርግቶ «ይሄን ታውቂዋለሽ?» አላት። እኔ አስተረጎምኩ። እማዬ ጥለቷን ስታይ ፊቷ በራ። «እንዴታ፣ የኔ እጅ ሥራ ነው» አለች። እዚህ ግቢ ማን አለው ሲላት ደግሞ «የመጀመሪያውን የሰጠሁት ለሲቡሲሶ ነው» አለች፣ ልክ ሽልማት እንደሰጠችው ሁሉ። ያን ሁሉ ተረት ያሳመርኩ ልጅ ያን ቀን አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያን ቀን ያመለጠው የሁለት ሰው አፍ ነው።

ቡቲ ሲቡን ቧንቧው አጠገብ ልብሱን ሲያጥብ ያዙት። ሰኞ የሰው አጥር ሲከረክም እንደዋለ ነገራቸው፤ የሚሠራበት ቤት ባለቤት ግን በነገሩ መግባት አልፈለገም። ሲወስዱት እጁ ላይ ሳሙና ነበር።

ከማግሥቱ ጀምሮ ነገሩ የቡቲ ሲቡ ብቻ መሆኑ ቀረ። ፎቶው ከነመንገዳችን ስም በማዶዎቹ ስልክ ሁሉ ዞረ። ማዶ ቤት የሚያጸዱ ሦስት የግቢያችን ሴቶች «አትምጡ» የሚል መልእክት ደረሳቸው። ቁመቱ ረዘም ያለ ወንድ ሁሉ ወደ ማዶ በሚያሻግረው ድልድይ ላይ እንዲቆም ይደረጋል፤ ማስክህን አውልቅ ይባላል፣ ሲያወልቅ ደግሞ ለምን አወለቅህ ይባላል። ከሁሉ የከፋው ግን የግቢው ሹክሹክታ ነበር። «እውነት ይሆን እንዴ?» የሚል ድምፅ ከአንድ በር ውስጥ በጆሮዬ ሰማሁ። እማዬ መኪናዋን ከድና ታለቅስ ጀመር። ሁለት ምሽት እሳት የሚያነድ ጠፋ።

በሦስተኛው ምሽት ጎጎ ኢምባውላውን ራሳቸው አቀጣጠሉ። ጢሱ ሳይወጣለት መሀል ግቢው ላይ አስቀመጡትና እያሳሉ ወደ አባባ ሽኩር ዞረው ተናገሩ። አባባ ሽኩር «ምን አሉ?» አሉኝ።  ጎጎ ያሉት «ያንተ አገር ሰዎች ፋቂውን ተከትለው መልሰውታል፤ እኛ ልጄን የማንከተለው ለምንድን ነው?» ነው።

እንዳለ ነገርኳቸው። 

«ማን ነው የመለሰው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። መጨረሻው አሳዝኖኝ ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። «እኛ አልሄድንም» አሉ በቀስታ። «የኔ መንደር ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እኔም ጣቴን ቀስሬያለሁ። ፋቂው እንዳልሰረቀ ልቤ ያውቅ ነበር፤ ግን ርቦኝ ነበር፣ ቤቴ መግባት ፈለግኩ።»

«ውሸቴን እንደሆነ ልንገራቸው?» አልኩ እያለቀስኩ።

«ተይው፣ አታርሚው። ነገ ጠዋት እንሄዳለን በያቸው።»

እማዬ ነገሩን ከበራችን ሆና ሰምታ ነበርና እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። «ያን ማስክ የሰጠሁት ለአንድ ሰው መሰላቸው?» አለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ማስክ ያለው ሁሉ አጥቦ፣ ተኩሶ ይምጣ።» አንዱ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን ቢያስታውስ አባባ ሽኩር «የተከለከለው ስብሰባ ነው፤ ወረፋ ማን ከለከለ?» አሉ። ይህን ሳስተረጉም ግቢው ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ያን ጠዋት እንዴት ብዬ ልግለጸው። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጎጎ ፊት፣ ከኋላቸው አባባ ሽኩር፣ ከዚያ የዳቦው ሹፌር፣ ከዚያ ታክሲ ነጂዎች፣ ከመሀል ከተማ ከሂልብሮው ድረስ የመጡ ሁለት የአገራችን ልጆች፣ ሁሉም በሁለት በሁለት ሜትር ርቀት፣ ሁሉም አፉ ላይ የእማዬ ጥለት። ወረፋው መንገዱን ዞረ። የምግብ እርዳታ የሚታደል የመሰላቸው መንገደኞችም ተሰለፉ፤ አንዲት ሴት ነገሩ ሲነገራት «ከተሰለፍኩ አይቀር» ብላ እዚያው ቆመች። እኔ ከወረፋው ጫፍ ጫፍ እየሮጥኩ እቆጥራለሁ፤ ከአርባ ስዘል ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

አዛዧ፣ ዓይኗ በድካም የቀላ ጥቁር ሴት፣ ወጥታ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለች። ጎጎ «ሌባው በማስኩ ከታወቀ እኛም ማስኩ አለን፤ ሁላችንንም መዝግቡን» አሏት። አዛዧ ወረፋውን እስከ ጥጉ አየችው። ባለ ላፕቶፕዋ ሴትዮ ቃሏን ልትፈርም ያን ጠዋት ተጠርታ ነበርና አዛዧ በር ላይ አውጥታ «ያየሽው ሰው ከነዚህ መሀል አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሳታመነታ ጣቷን ቀሰረች፤ ከእማዬ ብዙም በማይረዝመው የዳቦው ሹፌር ላይ። ከዚያ «አይ፣ ያኛው» ብላ ወደ አንድ ታክሲ ነጂ አዞረችው። ሦስተኛውን ልታሳይ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። «ፈርቼ ነበር» አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። እኔ አጠገቤ ያሉትን አባባ ሽኩርን ቀና ብዬ አየሁ። የሚያዩት ጣቷን ብቻ ነበር።

ቡቲ ሲቡ በማግሥቱ ተፈታ። በታክሲ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ መጣ። ግቢው በር ላይ ግን ልጆቹ የቀለም ቆርቆሮና የድስት ክዳን ይዘው እየደበደቡ ጠበቁት፤ ተረቱ ውስጥ ከበሮ አለ ብለው ነው። በትከሻቸውም ሊሸከሙት ሞክረው ቁመቱ አስቸገራቸውና ሁላቸውም አፈር ላይ ተደፉ። ያኔ ነው የሳቀው። እማዬ ቀርባ ይቅርታ ስትለው እኔ አስተረጎምኩ፤ እሱም የራሱን ማስክ ጠርዝ በጣቱ ነካ አድርጎ «ቆንጆ ሥራ ነው» አላት።

ላፕቶፑን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። የቡቲ ሲቡን ሥራ ሌላ ሰው ይዞት ነበር፤ ከሦስቱ ሴቶችም ሁለቱን መልሶ የጠራቸው የለም። ከዚያ ወዲያ ያን ድልድይ ሲሻገር አይቼው አላውቅም፤ ዙሪያውን አንድ ሰዓት ይሄዳል እንጂ።

በተመለሰ በሳምንቱ ምሽት ፍሙ ቀልቶ ሁሉም ደፉ ላይ ሲቀመጥ አባባ ሽኩር የፋቂውን ተረት እንደገና ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው «አሁን እንዳልኩት አስተርጉሚ» አሉኝ። «በኔ አገር አልተከተልነውም። እዚህ ግን ሄድን።» ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ማንም አላጨበጨበም። ቡቲ ሲቡ በቆሎውን ፍሙ ላይ ትቶ «ሰውየው ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።  አባባ ሽኩር «ፋቂው ነበር የምንለው» አሉ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ በዕረፍቴ ክሊኒክ እየሄድኩ ለአገሬ ሰዎች አስተረጉማለሁ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር። ማታ ማታ ግን ከዚያ በኋላ የተወለደው ትንሹ ወንድሜ ተረት ንገሪኝ ሲለኝ ያቺ የድሮ ምላሴ ትመለሳለች። ጅቦቹ ሦስት ይሆናሉ፣ ወረፋው እስከ ሂልብሮው ይደርሳል፣ ከበሮውም አለ። እሱ ደግሞ እንደ ቡቲ ሲቡ የፋቂውን ስም ይጠይቀኛል። አላውቀውም እለዋለሁ። ያንን ብቻ አላሳምረውም።