የሰማ መኪና መልስ

የኤርሚያስን ነገር የሰማሁት እዚህ ጀርመን፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አንቴና በእጄ እንደያዝኩ ነው። የደወለችው አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ናት። ስልክ ይጠለፋል ተብሎ ስለሚፈራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወንድምሽ ከዱራሜ ሲመለስ ኬላ ላይ ተይዟል፣ ጸልዪ አለችኝ። ደርግ ጎረምሳውን ከየመንገዱ ለጦርነት የሚሰበስብበት አፈሳ መሆኑ ገባኝ።

ኤርሚያስ ታናሼ ነው። ለትምህርት ስወጣ ከሆሳዕና እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሸኘኝ እሱ ነበር። ፎንቆ አካባቢ ከፊታችን የመጣ የጭነት መኪና መብራቱን ብልጭ አደረገና ሾፌሩ መዳፉን በመስኮት ወደ መሬት ዘረጋ፤ ከፊት ኬላው ላይ አፈሳ አለ ማለቱ ነው። የእኛ ሾፌር ጋሼ ሱልጣን ሁለቴ አብርተው መለሱለትና ቆሙ።

"ጎረምሶች፣ በእንሰቱ በኩል ዙሩ። ከኬላው ወዲያ አነሳችኋለሁ።"

ኤርሚያስ ኮቱን ጭኔ ላይ ጥሎ ወረደ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲሳፈር፣ ጀርመኖችስ እንዲህ ያለ መንገድ አላቸው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ጋሼን ለምን መልሰው እንዳበሩ ጠየቅኋቸው።

"መስማቴን ካላወቀ ልቡ እዚህ ይቀራል፣ ልጄ" አሉኝ።

እዚህ ጀርመን የተሰጠኝ ሥራ፣ ጌታ ሲያውቅበት፣ ይኸው ሆነ፤ አደጋ ያየ መኪና ከኋላው ላሉት በሬዲዮ እንዲናገር ማድረግ። የአውቶባኑ፣ የፈጣን መንገዳቸው፣ ጉም የአገሬን የዶዮገናን ይመስላል፤ ሰው ግን ቆሞ ሰላም አይባባልበትም። አለቃዬ አደጋዎቹን ሲዘረዝር ጉም፣ በረዶ፣ ግጭት አለ። ወታደርስ አልኩት።

"ወይዘሪት፣ እዚህ ወታደርም ተራውን ጠብቆ ነው የሚነዳው።"

የሰማው መኪና ይመልስ ብዬም ተከራከርኩ። ሁሉም በአንዴ ከመለሰ አየሩ ተጨናንቆ ማንም ማንንም አይሰማም አለኝ። ሞከርነው፤ እውነቱን ነበር። መኪኖቻችን ተናግረው ያልፋሉ፤ ይሰሙ አይሰሙ አያውቁም። እኔም ስለ ወንድሜ ስጸልይ እንደዚያው ነኝ፤ ጌታ ግን እንደሚሰማ አምናለሁ።

ደርግ ወደቀ፤ ኤርሚያስ አልተመለሰም። እናቴ ሆሳዕና ሆና ዛሬም፣ የዚያን ቀን መብራት ያበራላቸው ሰው አልነበረም ወይ ትላለች።

ኤርሚያስ በተያዘበት ቀን ከዱራሜ በተነሳው አውቶቡስ የነበራችሁ፣ ከእሱ ጋር የተያዛችሁም ካላችሁ፣ ወዴት እንደወሰዱት ንገሩን። የማታውቁም ብትሆኑ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ። መስማታችሁን ብቻ መልሱልኝ።