ከዘይት ቆርቆሮዬ የወጣው የመብራት ክብ

የሰፈራ መንደራችን የክሊኒክ መኪና ፋብሪካው መሥራቱን ያቆመው ዓይነት ነበረች። የቀኝ መብራቷን መስታወት የሚይዘው ክብ ብረት ወልቆ ሲጠፋ፣ ምትኩ አሶሳም አልተገኘም። ልጄ በወባ ትኩሳት ትነድዳለች። ሾፌሩ ግን፣ "እህቴ፣ አሶሳ ሳንደርስ በአንድ መብራት ከመሸብን ጫካ ውስጥ መቅረታችን ነው" አለኝ።

ከወሎ አብሮን የመጣው ቀጥቃጭ የግራውን ክብ ጭቃ ላይ አተመ። የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮዬን ቀዶ በዚያው ልክ ቀጠቀጠው። ሲገጠም ልክክ አለ፤ በግራው ላይ የነበረው ጎድጓዳ እንኳ ሳይቀር ተቀድቶበታል።

"ጋሼ፣ ይሄ ጎድጓዳ እኮ የግጭት ነው!" ብሎ ሾፌሩ ሳቀ።

"እኔ ደግሞ ፈረንጁ ለማሳመር ያደረገው መስሎኝ!" አለ ቀጥቃጩ።

በጣቴ ሁለት ጊዜ ነቀነቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ልጄን አቅፌ ተሳፈርኩ። መሽቶ አሶሳ ሐኪም ቤት ደጃፍ ስንወርድ፣ በበራው መብራት ዙሪያ ቆርቆሮዬ ጎድጓዳው ሳይቀር ያብለጨልጫል።