ከውስጥ የተሰካው ቁልፍ

ቁልፍ ሠሪው በሠላሳ ዓመት ሥራው ተቆጥቶ አያውቅም ይባልለት ነበር። ከጃንጥላ ሽቦ ሞርዶ የሠራቸውን ቀጫጭን መንጠቆዎች በአሮጌ የመነጽር መያዣ ይዞ ይዞራል። በር ሲከፍት ዓይኑን ይጨፍናል፤ የሚያየው በጣቱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ክራቫት ያሰረ ሰውዬ መጥቶ ወሰደው። «የራሴ ቤት ነው፤ ሰው የለበትም። ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው» አለው።

ቁልፍ ሠሪው ተንበርክኮ መንጠቆውን ወደ ቀዳዳው ሲሰድ፣ ገና ከመግባቱ ብረት ነካ። ሌላ ቁልፍ ከውስጥ ተሰክቷል። ከውስጥ የቆለፈ ሰው አለ ማለት ነው።

«ሰው የለበትም አላልከኝም?»

«አንተ ምን አገባህ? ገፍተህ ጣለውና ክፈት!»

ይሄኔ ከበሩ ጀርባ የአሮጊት ድምፅ ተሰማ። «ልጄ፣ ቤቴን አትሽጥብኝ ብዬህ የለም? አልወጣም!»

የቁልፍ ሠሪው ደም ፈላ። «በእኔ እጅ እናትህን ልታስወጣ? አንተ ዓይንህን በጨው የታጠብክ!»

«ሌላ ቁልፍ ሠሪ የጠፋ መሰለህ?» ብሎ ሰውዬው ስልኩን አወጣ።

ቁልፍ ሠሪው ለማንም ደንበኛ ነግሮ የማያውቀውን የሙያ ምስጢር፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኾ ተናገረ። «እማማ! ቁልፉን እንዳይነቅሉት! ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው እዚያው ይተዉት። ቀጥ ካላለ ማንም ገፍቶ አይጥለውም!»

ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። እሱ ግን ንዴቱ አልበረደለትም። የመነጽር መያዣውን እንደጨበጠ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ «በል ጥራቸው፤ እዚሁ ነኝ» አለ።