በግቢያችን መሀል የሚያልፈው የከብት መንገድ

ይህ የሆነው ነገሌ ቦረና ነው። የጀመረው የመጨረሻው ከባድ ድርቅ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር፤ ያለቀው ደግሞ በዚያው ድርቅ ነው። ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ። ስብሰባ እረሳለሁ፣ የሰው ስም እረሳለሁ፣ የተጠራሁበትን ሠርግ እንኳ እረሳለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። የሚገርመው፣ ያለቀ ዕለት ምንም አልተሰማኝም ነበር።

አባቴ ወታደር ነበር። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን እንደወጣ ቀረ። እናቴ እንደ ብዙዎቹ የወታደር ሚስቶች ከጦር ካምፑ አጥር ሥር በተቀለሰች የቆርቆሮ ቤት አሳደገችኝ። የይዞታ ካርታ አልነበረንም፣ መብራት የምንስበውም ከጎረቤት ነበር። ካደግሁ በኋላ የከተማችን ሰዎች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር ውስጥ ገባሁ። ሥራችን መጮህ ነው፤ ከተማዋ ድሃውን እየገፋች እንዳታድግ፣ በዳሯ ያሉትን አርብቶ አደሮችም እንዳትረሳ። በየስብሰባው «አካታች ከተማ» እያልኩ ስለምናገር እናቴ ትስቅብኛለች።

አንድ ጊዜ ጩኸታችን ተሰማ። ለእኛ ለካምፑ አጥር ሥር ነዋሪዎች በከተማው ጫፍ ምትክ ቦታ ሊሰጠን ሆነ። ቦታው የከብት መሰማሪያ ስለነበር ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝቡን ሰብስቦ አወያየ። ከብታቸውን እዚያ የሚያሰማሩ ኦቦ ዋሪዮ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ተነሱ። ይቃወማሉ ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«ሰው ነው፤ ቤት ይፈልጋል፣ ይግባ» አሉ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ። ከብቴ ወደ ጉድጓዱ የሚሄድበትን ካራ፣ መንገዱን አትዝጉብኝ። እኛ ጋ ወደ ውሃ በሚሄድ መንገድ ላይ አጥር አይታጠርም። ከብት ደግሞ ፕላን አያነብም።»

አዳራሹ ሳቀ። መንገዱ ፕላን ላይ ይገባል ተብሎ ከማዘጋጃ ቤቱም ከእኛም ቃል ተገባላቸው፤ ገባም። እሳቸውም መርቀውን ሄዱ።

ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ተቀየረ፣ ፕላኑም «ተሻሻለ»። የከብቱ መንገድ ተሸንሽኖ የቤት መሥሪያ ሆነ። ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትን፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ዕጣ ሲወጣ መንገዱን ድፍን አድርጎ የሚዘጋው ቦታ ለእናቴ ደረሳት። ይቀየርልን ብዬ ለመንኩ። «ካልፈለጋችሁት ፈላጊው ብዙ ነው» ተባልኩ። በግራም በቀኝም ጎረቤት አጠረ፣ እኛም አጠርን።

ቤቱን ሠርተን በገባን ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከብቶቹ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። አልጮሁም፣ ዝም ብለው ቆሙ። ኦቦ ዋሪዮ ከኋላቸው በትራቸውን ተደግፈዋል። እናቴ ወጥታ ከብቶቹን አየች፣ ዞራም የኋላውን አጥር አየች።

«ያንን አፍርሰው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አጥሩን ነዋ! ቃል የሰጣችኋቸው ሰውዬ እኚህ አይደሉ?»

አፈረስኩት። ከብቶቹ በግቢያችን መሀል አልፈው ውሃቸው ጋ ሄዱ። እግረ መንገዳቸውን የእናቴን ቆስጣ ሙልጭ አድርገው በሉባት። እየተራገመች ሳቀች። በሳምንቱ በፈረሰው አጥር ቦታ የኋላ በር አስገጠምን።

ከዚያ ወዲህ ከብቱ ውሃ በሚጠጣበት ቀን ሁሉ፣ ገና ቃጭሉ ከሩቅ ሲሰማ እናቴ ትቀሰቅሰኛለች፤ «ተነስ፣ አካታች ከተማህ መጣች!» እኔ በር ስከፍት ኦቦ ዋሪዮ በሰላም ማደሯን ሲጠይቁ «ናጋ ቡልተኒ?» ይሏታል። «ናጋ፣ ይለፉ ኦቦ» ትላለች። አንዳንዴ ወተት ያቀብሏታል። እንዲህ እያልን ዓመታት ኖርን።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በሚቀጥለውም ወቅት ቀረ። ከሌሎቹ የቦረና ከተሞች፣ ከዱብሉቅም ከያቤሎም የሚመጣው ወሬ ያው ነበር። ከብቶቹ በመጡ ቁጥር ከስተው፣ ቁጥራቸውም ተመናምኖ ነበር። በኋላ ጨርሶ መምጣት አቆሙ።

አንድ ጠዋት ቃጭል ሳልሰማ የሰው ሳል ሰማሁ። ስወጣ ኦቦ ዋሪዮ ብቻቸውን ቆመዋል። በአንድ እጃቸው በትራቸውን፣ በሌላው ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል።

«ከብቱስ?» አልኩ ሳላስበው።

«አለቀ» አሉ። በድርቁ ከተፈናቀሉት ጋር ከከተማው ዳር መጠለላቸውን፣ ውሃ ሊቀዱ መምጣታቸውን ነገሩኝ።

በትልቁ በር ላይ ያለችው ትንሿ የሰው መግቢያ በር ክፍት ነበረች፤ ለአንድ ሰው ትበቃለች። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ከብታቸውን ይዘው የሚቆሙበት ቦታ ላይ እንደቆሙ ናቸው። እናቴ መጣች። መወርወሪያውን ስባ ትልቁን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሄዳ የኋላውንም ከፈተች። ከዚያ ከብት ሲያልፍ እንደምታደርገው ጥጓን ይዛ ቆመች። ኦቦ ዋሪዮ በግቢው መሀል፣ በከብት እርምጃ፣ ቀስ እያሉ አለፉ።

አላለቀስኩም። አልተናደድኩም። ፊቴን ታጥቤ ሥራ ሄድኩ። ስብሰባ ነበረን፤ ስለ አካታች ከተማ ተናገርኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ዋሪዮ ዛሬም ውሃ ሊቀዱ በግቢያችን ያልፋሉ። እናቴ ያንን ቀልዷን ትታዋለች። ጎረቤቶቻችን «ከብት ለሌለው መንገድ ሁለት በር ምን ያደርግላችኋል? ሌባ ይገባባችኋል» ይሉናል። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ማኅበራችሁ ምን ሠራ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ያ በር ትዝ ይለኛል፤ ግን አልናገርም። ኀዘን ይሁን እፍረት አላውቀውም፣ ውስጤ ደንዝዟል። ብቻ ጠዋት ስነቃ ጆሮዬ ቃጭል ይጠብቃል። አይሰማም። ተነስቼ ትልቁን በር እከፍታለሁ።