አፍ በሚታሰርበት ቀን አልነሳ ያለች መኪና

በታይላንዷ ናን ሴንግላን የማያውቅ ሰው ካለ፣ መኪና ተሳፍሮ የማያውቅ መሆን አለበት። ከኋላ ሁለት አግዳሚ የተገጠመላትን ቀይ ፒክአፕ ከመንደር ከተማ ስታመላልስ ባሏ ሞተባት፣ ልጆቿ ባንኮክ ገብተው ቀሩባት፣ ፀጉሯም ሸበተ። ምላሷ ግን ዛሬም አላረጀም። "የሷ መኪና በስድብ እንጂ በቤንዚን አትሄድም" ይላሉ ሾፌሮቹ። ፌርማታው ላይ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ የምሸጠው እኔም ድርሻዬን ተሰድቤያለሁ። አልቀየማትም። ስትሰድበኝም ቅርጫቴን ራሷ አንስታ እየጫነችልኝ ነው።

አንዷ ስድብ ግን በቀላሉ አላለፈችም። የእናታቸው አስከሬን በተቃጠለበት ዕለት፣ ለቀስተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፣ በሩዝ ማሳ ድንበር የተነሳ ታላቅ እህቷን ቡዋላይን "ሌባ!" አለቻት። ኋላ ድንበሩ ሲለካ ቡዋላይ ስንዝር አልነካችም። ነገሩ ከአፍ ከወጣ ምን ይደረጋል? ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ዘንድሮ ለአዲሱ ዓመት ቡዋላይ ከተራራው ማዶ ሰው ላከች። "ይቅርታ ከፈለገች ክፉ ቃል በማይነገርበት ቀን ትምጣ። በሌላ ቀን በሬን አልከፍትላትም" አለች።

እኛ ዘንድ አሮጌው ዓመት ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ መሃል ላይ አንድ ቀን አለ። በዚያ ቀን የተሳደበ ሰው አፉ ዓመቱን ሙሉ ይበሰብሳል ይባላል። በታላቆች እጅ ላይ የሽቶ ውሃ አፍስሶ ይቅርታ መለመኑ ወጉ በማግስቱ ነው፤ ቡዋላይ ግን የእህቷን አፍ ስለምታውቅ አንድ ቀን አስቀደመችው። እኔ ብልሃቷን ወደድኩላት። ሴንግላም አልተቀየመች፤ "ልክ ናት፣ በሌላ ቀን እኔም ራሴን አላምነው" አለችኝና አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ።

በዚያ ቀን ጧት ወደ ገዳሙ ቅጥር ገባን። ሰው እንደ በዓሉ ወግ ለገዳሙ አሸዋ ተሸክሞ ይገባል፣ ልጆች በባልዲ ውሃ ይራጫሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀር ከራስ እስከ እግሩ በስብሷል። አለቃው መነኩሴ ቅጠል በጠበል እየነከሩ ሰውንም መኪናውንም ይረጫሉ። ሴንግላ ጣራዋን አስረጭታ መቼ በቃት! ኮፈኑን ብድግ አደረገችና፣

"አባቴ፣ ዳገቱ ብዙ ነው፤ ሞተሯንም ይርጩልኝ" አለች።

እሳቸውም እጃቸው ቸር ነው፤ ሦስቴ አርከፈከፉት።

ከዚያ ቁልፉን ብታዞር ሞተሯ ትሽከረከራለች፣ ታጉረመርማለች፣ አትነሳም። ደገመች። ያው ነው። ሴንግላ አፏን ከፈተች፤ ቅጥር ግቢው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ጠበቃት። መልሳ ዘጋችው።

"በይ እንጂ! ዛሬ ስድቧን ስላላገኘች ነው የተቀየመችሽ" አላት ሾፌሩ ጋሽ ኢንታ። ፌርማታው ላይ ከሱ የሚበልጥ ሾፌርም ከሱ የሚበልጥ ነገረኛም የለም።

"ጋሽ ኢንታ፣ አንተ... ሸጋ ሰው ነህ" አለች ጥርሷን ነክሳ። ሰው በሳቅ ወደቀ።

ያን ቀን ሴንግላን ያየ ሴት ልጅ ስትጨክን ምን እንደሆነ ያውቃል። መብራቱን አበራች፤ ቦግ አለ፤ "ባትሪው ደህና ነው" አለች። የቤንዚኑን ቧንቧ ፈታች፤ ቤንዚን ፊቷ ላይ ፈሰሰ፤ ጠረገችና "ይሄም ደህና ነው" አለች። ከዚያ እንግፋት ተባለ። አሸዋ ተሸካሚው ሁሉ ሸክሙን ጥሎ ከበሩ እስከ ቁልቁለቱ ገፋ። መኪናዋ አንድ ሁለቴ ተንዘፍዝፋ ቆመች። እኔም ገፍቼ ነጠላ ጫማዬ ተበጠሰ፤ ቀኑ ያ ቀን ባይሆን የምለው ነበረኝ።

በመጨረሻ ቤንዚኑን ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች የአንዱን ገመድ ነቅላ ጫፉን ወደ ብረቱ አስጠግታ ያዘች። ጋሽ ኢንታ ቁልፉን አዞረ። ብልጭ የሚል ነገር የለም።

"እሳት አይደርሳትም" አለች።

"እሳት የሚሰጣት ኮይል ሞቷል በቃ። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ ትሠሪያታለሽ" አላት ጋሽ ኢንታ። አሁን አይቀልድም።

"በዓሉ ካለፈ እህት የለኝም።"

ሌላ መኪና እንዳትለምን፣ በዓል ነውና ሁሉም በየዘመዱ መንገድ ላይ ነው፤ የጋሽ ኢንታም መኪና ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ላይ ቆማለች። ሴንግላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሞተሩን ስታይ ቆየች። ከሞተሩ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር አለ። ቀና ብላ መነኩሴውን አየቻቸው፣ መልሳ ሞተሩን አየች። ምን እንዳሰበች ገባኝ። ጠበል መኪና አቆመ ብሎ መናገር፣ ያውም በዚህ ቀን!

"ጋሽ ኢንታ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የምታከፋፍለው ክዳን ውስጥ ውሃ ቢገባስ?"

"የምን ውሃ?" አለ፤ ከዚያ ገባው። "አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽ እንዲበሰብስ ነው እንዴ የምትፈልጊው?"

"በጠበሉ ላይ ምን ክፉ ቃል ወጣኝ? ያለ ቦታው ያስረጨሁት እኔ ነኝ።"

መነኩሴው ከኋላችን ቆመው ኖሯል። "እኔም ከጧት ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር" አሉ ጆሯቸውን እያከኩ። "ሁላችሁም ዝም ስትሉ ጊዜ ዝም አልኩ። ክፈቺው ልጄ።"

ክዳኑ ሲፈታ ውስጡ ውሃ አቁሯል። የሚደርቅበት ጨርቅ ግን ጠፋ። የኔ ልብስ፣ የሷ፣ የጋሽ ኢንታ፣ የዚያ ሁሉ ሕዝብ ልብስ ይጨመቃል። በዚያ ቅጥር ውስጥ ደረቅ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው፣ ለቡዋላይ የተገዛው አዲስ የሐር ሽርጥ።

"ተይ፣ እንዳታደርጊው! ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

"ካልደረስኩ ሽርጡ ለማን ነው?" ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደች። ክዳኑን ውስጡንም ውጩንም አሸችው፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጠራረገቻቸው። ያ የመሰለ ሐር ጥቁር በጥቁር ሆነ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የካንዴላውን ገመድ እንደገና ያዘች፤ ጋሽ ኢንታ ቁልፉን አዞረ። ጣቷን ነዘራት። ዘላ ተነሳች፣ አፏ ተከፈተ።

"እ... እሰይ!" ብላ ጮኸች።

ገመዱን መልሳ ሰካች፣ ቁልፉን ራሷ አዞረች። መኪናዋ ተነሳች።

ተራራውን ተሻግረን ቡዋላይ ጋ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። በረንዳዋ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች፤ አልተነሳችልንም። ሴንግላ ተንበርክካ ያንን ሽርጥ ፊቷ አስቀመጠች፣ የሽቶውን ውሃ በእህቷ እጆች ላይ አፈሰሰች።

"እትዬ፣ ሰው ፊት ሌባ ያለሽ አፍ ይሄ ነው። ይቅር በይኝ።"

ቡዋላይ እርጥብ እጇን እንደዘረጋች ሽርጡን አየችው። "ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?"

"የሞተር እድፍ ነው። መኪናዬ እምቢ ስትለኝ ሌላ ደረቅ ጨርቅ አጣሁ።"

ነገሩን ላስረዳ ስል ሴንግላ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቡዋላይ ሽርጡን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። በሩ ተዘጋ። ሴንግላ ከተንበረከከችበት አልተነቃነቀችም። እኔ አለቅሳለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ?

በሩ ሲከፈት ቡዋላይ ሽርጡን አገልድማው ወጣች፤ እድፉን በፊት በኩል አድርጋዋለች።

"ነገ ገዳም የምሄደው ይሄን ለብሼ ነው" አለች። "ለቅሶው ላይ የነበሩት ሁሉ ይመጣሉ። ምንድን ነው ብለው ይጠይቁኛል፤ እህቴ ያመጣችልኝ ነው እላቸዋለሁ።"